«አልተገኘም» ሲባል፦ የአንድ ጠርሙስ ውኃ ጉዞ ከመካነ ሰላም እስከ ቤተ ሙከራ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር፣ ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ፣ ከስንዴ ማሳ ግርጌ ከምትፈልቅ ምንጭ አጠገብ ቆመን ነበር። አብሮኝ የነበረው ባልደረባዬ የኬሚስትሪ መምህር ነው። ከበላያችን ካለው ማሳ ላይ አንድ ወጣት የመርጫ ታንክ በጀርባው አዝሎ፣ ገበሬው «ቱ ፎር ዲ» የሚለውን የአረም ማጥፊያ (2፣4-ዲ) ይረጫል። ከሰዓት በኋላ ዝናብ እንደሚመጣ ከሰማዩ ይታወቃል። ውኃ ሊቀዱ ከመጡት መካከል አንድ አዛውንት ቀረብ ብለው «እንግዲህ መምህር፣ ይህን ውኃ ልጆቻችን ይጠጡት ወይስ ይቅርባቸው?» ሲሉ ጠየቁን። «ወስደን እናስመርምረውና እንነግርዎታለን፣ አባቴ» አልናቸው።

ውኃውን የቀዳንበት ዕቃ ሕዝቡ «ሃይላንድ» ብሎ የሚጠራው ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር። በምንጩ ውኃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀን፣ እስከ ትከሻው ሞልተን በመኪናው መቀመጫ ሥር አስቀመጥነው። ጠርሙሱ ደሴ አደረ፤ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ቅዳሜና እሑድን በአንድ ቢሮ መስኮት ላይ አሳለፈ፤ በስምንተኛው ቀን ለቤተ ሙከራ ተሰጠ። የመጣው ውጤት አንዲት ቃል ነበረች፤ «አልተገኘም»። እኛም ደስ ብሎን ለአዛውንቱ «ውኃው ንጹሕ ነው» የሚል መልእክት ላክንላቸው።

ያን መልእክት መላክ እንዳልነበረብን ዛሬ ዐውቃለሁ። ቤተ ሙከራው አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን ውኃ በሚገባ መርምሯል። ችግሩ የተሰጠው ውኃ ከምንጩ እንደተቀዳ ሆኖ አለመቆየቱ ነው። በሙቀት፣ በብርሃንና በፕላስቲክ መካከል ስምንት ቀን የሰነበተ ውኃ የሚመሰክረው ስለ ምንጩ ሳይሆን ስለ ራሱ ጉዞ ነው። የፊዚክስ መምህር በኬሚስቶች ጉዳይ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ከዚህ በታች እንደሚታየው የነገሩ አብዛኛው ክፍል የሙቀት፣ የግፊትና የጊዜ ጉዳይ መሆኑን ይገነዘባል።

ኦርጋኒክ በካዮች የምንላቸው በካርቦን ላይ የተመሠረቱ ውህዶችን ሲሆን፣ ፀረ ተባይና ፀረ አረም ኬሚካሎች፣ የነዳጅ ክፍልፋዮች፣ የማሟሟቻ ፈሳሾችና የመሳሰሉት በዚህ ውስጥ ይጠቃለላሉ። እነዚህን ከናይትሬት ወይም ከፍሎራይድ የሚለያቸው የሚለኩበት መጠን እጅግ አነስተኛ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ለ2፣4-ዲ 30 ማይክሮግራም፣ ለዲዲቲ ደግሞ 1 ማይክሮግራም ወሰን ያስቀምጣል። የአውሮፓ ኅብረት ከዚህም በላይ ጠበቅ በማድረግ ለማንኛውም አንድ ፀረ ተባይ የሚፈቅደው 0.1 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ይህን በዓይነ ኅሊና ለማየት ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ስፋቱ 50 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ኩሬ እናስብ። በዚያ ኩሬ ውስጥ አንድ ግራም ኬሚካል ቢሟሟ የአውሮፓው ወሰን ላይ ይደርሳል።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የጅማ ዩኒቨርሲቲና የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ከጅማ ዞንና ከአዲስ አበባ በተወሰዱ የመጠጥ ውኃ ናሙናዎች ውስጥ 2፣4-ዲ፣ ማላታዮን፣ ዳያዚኖንና ፒሪሚፎስ ሜታይል መገኘታቸውን፣ መጠናቸውም ከአውሮፓው ወሰን በላይ መሆኑን አሳይቷል። ማላታዮንና 2፣4-ዲ በወሎ ደጋም የማይታወቁ እንግዶች አይደሉም።

እንዲህ ያለውን ጥቂት ነገር መለካት የተቻለው በቅርብ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ላቭሎክ በ1957 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሮን ቀራጭ መለያ የተባለውን መሣሪያ ከሠራ በኋላ፣ እንደ ዲዲቲ ያሉ ክሎሪን አዘል ውህዶችን ቅንጣቢ መጠን በጋዝ ክሮማቶግራፍ ማየት ተቻለ። መሣሪያው ከራዲዮአክቲቭ ምንጭ በሚወጡ የቤታ ቅንጣቶች ጋዝን አዮን በማድረግ ነጻ ኤሌክትሮኖችን ይፈጥራል፤ የክሎሪን ውህዶች ኤሌክትሮኖቹን ሲቀልቧቸው የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ይቀንሳል። ከዚያ ወዲህ መለኪያዎቹ እየረቀቁ ሲሄዱ የሥራው ደካማ ቦታ ከቤተ ሙከራው ወጥቶ ወደ ጠርሙሱ ተዛወረ። በሚሊዮን ብር የሚገዛ መሣሪያ ፊት የሚቀርበው ውኃ በሃይላንድ የመጣ ሊሆን ይችላልና።

ለመሆኑ በጠርሙስ የታሸገ ነገር የት ይሄዳል? የመጀመሪያው መልስ «ወደ ግድግዳው» የሚል ነው። እንደ ዲዲቲ ያሉ ሞለኪውሎች ውኃን አይወዱም፤ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለው ዲዲቲ ጥቂት ማይክሮግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ቅባት መሰል ነገር ባገኙ ጊዜ ውኃውን ትተው ወደዚያ ይጠጋሉ። ፕላስቲክ ደግሞ የነዳጅ ልጅ በመሆኑ ለእነርሱ ቤታቸው ነው። መስታወት ከፕላስቲክ እጅግ ይሻላል፤ ያም ሆኖ ጥቂቱ በመስታወቱም ላይ መለጠፉ አይቀርም። ተማሪዎቻችን የሚሳሳቱበትን አንድ ቁም ነገር እዚህ ላይ ላንሣ። ናይትሬት ለመለካት ስንቀዳ ጠርሙሱን በናሙናው ውኃ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ትክክል ነው። ለኦርጋኒክ በካዮች ግን ማለቅለቅ ስሕተት ነው፤ በተለቀለቀ ቁጥር ግድግዳው ላይ አዲስ ሞለኪውል ይለጠፋል፣ ውኃው ይደፋል፣ የተለጠፈው ይቀራል። በቤተ ሙከራ ደግሞ ባለሙያው ባዶውን ጠርሙስ በማሟሟቻ አጥቦ የተለጠፈውን ከናሙናው ጋር ስለሚደምር፣ ውጤቱ ከእውነተኛው መጠን በላይ ይሆናል። እኛ ምንጩ ዘንድ በትጋት ያደረግነው ማለቅለቅ ይህ ነበር።

ሁለተኛው መውጫ አየር ነው። ከነዳጅ ማደያ ሥር ወደ ጉድጓድ ውኃ ሊሰርግ የሚችለውን ቤንዚን የተባለ ውህድ እንውሰድ (ለመኪና የምንቀዳውን ቤንዚን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበት ማለቴ ነው)። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃና አየር እኩል ይዞታ በያዙበት ዝግ ጠርሙስ ውስጥ ከዚህ ውህድ 18 በመቶ ያህሉ ወደ አየሩ ይገባል። ጠርሙሱ ሲከፈት አየሩ ይዞት ይሄዳል። በመሆኑም ለተናኝ ውህዶች የሚያገለግለው 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ትንሽ ብልቃጥ ስትሆን፣ ውኃው ከአፏ በላይ እስኪያብጥ ተሞልታ አየር ሳይገባ ትከደናለች፤ ከዚያም ተገልብጣ አረፋ መኖር አለመኖሩ ይታያል።

የደጋው ምንጭ ቀዝቃዛ በመሆኑ ብዙ አየር አሟምቶ ይይዛል። ውኃው በመኪና ውስጥ ሲሞቅ አየሩ ከሟሟበት ይወጣና አረፋ ይሠራል፤ ከአቀስታ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ደግሞ የውጭው ግፊት መቀነሱ ለስላሳውን ክዳን እያላላ ያግዘዋል። አረፋው ከአተር ፍሬ ካልበለጠ ግን የሚያሳስብ አይደለም፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ መመሪያም 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን አረፋ ይታገሣል።

ብርሃንም ሌላው ጠላት ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በጠራ ቀን በከተማዋ ላይ የሚወርደው በዚሁ ኬክሮስ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚወርደው በሩብ ያህል ይበልጣል። ውኃን በሚያሳይ ጠርሙስ ለስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ በማስጣት ተሕዋስያንን መግደል እንደሚቻል በጤና ትምህርት ሰምተን ይሆናል። ባክቴሪያን የሚገድለው ያው ብርሃን የብዙ ፀረ ተባዮችን ሞለኪውል ይሰብራል። ለዚህም ነው ቡናማ መስታወት የሚመረጠው፤ ቡናማ ከታጣ የሚያሳየውን ጠርሙስ በአሉሚኒየም ፎይል መጠቅለል ይበቃል።

ከሁሉም በላይ የሚያስገርመኝ ግን ራሱ ውኃው አፍራሽ መሆኑ ነው። ማላታዮን ከውኃ ጋር እየተገናኘ ይፈርሳል፤ ፍጥነቱም በፒኤች ይወሰናል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፒኤች 5 በሆነ ውኃ ውስጥ ግማሽ ዕድሜው 107 ቀን ያህል ነው፤ በፒኤች 7 ወደ 6 ቀን ይወርዳል፤ በፒኤች 9 ግን ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ከባዛልት ዐለት የሚፈልቅ የደጋ ምንጭ ደግሞ ከገለልተኛ ጥቂት ወደ ቤዝ ሊያዘነብል ይችላል። እንግዲህ ፒኤች 7 የሆነ ናሙና በ25 ዲግሪ ለሰባት ቀን ቢጓዝ ከማላታዮኑ የሚተርፈው 46 በመቶ ገደማ ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የኬሚካል ለውጥ ፍጥነት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይቀንሳል የሚለውን የተለመደ ግምት ብንከተል፣ ያው ናሙና በ5 ዲግሪ ቢጓዝ ከ82 እስከ 92 በመቶው ይተርፋል። ልዩነቱን ያመጣው ጥቂት በረዶ ነው። 2፣4-ዲ በበኩሉ ከውኃ ጋር እንዲህ በቀላሉ አይፈርስም፤ የእርሱ ጠላቶች በውኃው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱም ሙቀት ሲያገኙ ይበረታሉ፣ ሲቀዘቅዙ ይተኛሉ።

ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀምረው ከጉዞው በፊት ነው። አንድ ሊትር የሚይዝ ቡናማ የመስታወት ጠርሙስ በሳሙና ታጥቦ፣ በተጣራ ውኃና በማሟሟቻ ተለቅልቆ ይደርቃል፤ ምድጃ ካለ ከ400 ዲግሪ በላይ ይጋገራል። ክዳኑ ውስጡ ቴፍሎን የተለበጠ መሆን አለበት። ተናኝ ውህዶች ለሚለኩበት ብልቃጥ ፒኤች ከ2 በታች እስኪሆን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ይደረግበታል። ለአብዛኞቹ ፀረ ተባዮች ግን አሲድ አይጨመርም፤ ፒኤቹ ከ5 እስከ 9 ባለው ውስጥ ይጠበቃል። አንዱን የሚያቆየው መድኃኒት ሌላውን ሊያጠፋው ይችላልና ለሁሉም አንድ ጠርሙስ አይበቃም።

ናሙናው ከከተማ ቧንቧ ከሆነ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በ1974 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ሮክ የተባለ በሮተርዳም የሚሠራ ሆላንዳዊ ኬሚስት፣ ውኃን ለማከም የሚጨመረው ክሎሪን በውኃው ውስጥ ካለው የበሰበሰ ቅጠልና የአፈር ቅሪት ጋር ተዋሕዶ ክሎሮፎርም እንደሚፈጥር አሳየ። ይህ ውህደት ጠርሙስ ውስጥም አይቆምም። ክሎሪኑ ማላታዮንንም ወደ ማላኦክሶን ይለውጠዋል፤ ይህም ከወላጁ ይልቅ መርዛማ ነው። ስለሆነም በቧንቧ ውኃ ናሙና ላይ ወዲያው በጣት ጫፍ የሚያዝ ያህል ሶዲየም ታዮሰልፌት (በሊትር 80 ሚሊ ግራም ገደማ) በመጨመር ክሎሪኑን ማምከን ያስፈልጋል።

ስለ በረዶው ትንሽ እናስላ። አሥራ ሁለት ባለ አንድ ሊትር ናሙናዎችን ከ18 ወደ 4 ዲግሪ ለማውረድ 700 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት መውሰድ ይጠይቃል። አንድ ኪሎ ግራም በረዶ ሲቀልጥ የሚወስደው 334 ኪሎ ጁል ስለሆነ፣ ለዚህ ብቻ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ በረዶ ይሄዳል። በተጨማሪም ሣጥኑ ራሱ ሙቀት ያስገባል። የግድግዳው ስፋት በድምሩ 1 ካሬ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ የስታይሮፎም ሣጥን በ20 ዲግሪ አየር ውስጥ ቢቀመጥ በየሰኮንዱ 19 ጁል ያህል ይገባዋል፤ ይህም በቀን ወደ 5 ኪሎ ግራም በረዶ ያቀልጣል። ለሁለት ቀን ጉዞ እንግዲህ 12 ኪሎ ግራም ያህል መያዝ አለብን። ሃይላንድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ ውኃ ሞልቶ በሱቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስግጎ በናሙናዎቹ መካከል መደርደር። ነገር ግን ናሙናው ራሱ እንዳይግግ መጠንቀቅ ይገባል፤ ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ስለሚጨምር መስታወቱን ይሰነጥቀዋል።

በረዶ እስኪገኝ እናቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ አለ። እንስራ ላብ እያላበው ውኃን እንደሚያቀዘቅዝ ሁሉ፣ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማቆየት በበጋው ደረቅ አየር ብዙ ዲግሪ ያወርዳል። እስከ 4 ዲግሪ ግን አያደርስም፤ በክረምቱ ጭጋግ ደግሞ ከቶ አይሠራም ማለት ይቻላል።

ቅዝቃዜ ጊዜን ያራዝማል እንጂ አያቆምም። በተለመደው መመሪያ መሠረት ለአብዛኞቹ ፀረ ተባዮች ከተቀዱበት ሰዓት አንሥቶ ከውኃው ተለይተው እስኪወጡ ያለው ጊዜ 7 ቀን፣ ከወጡ በኋላ እስኪለኩ 40 ቀን ነው፤ በአሲድ የተያዙ ተናኝ ውህዶች 14 ቀን ይፈቀድላቸዋል። ከመካነ ሰላም ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደሴ አዲስ አበባ ሌላ 400። በሰላሙ ቀን ሰባት ቀን ይበቃል። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ መንገድ ለቀናት የተዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ። ናሙና በመንገድ መዘጋት ቢዘገይ ማንም አይፈርድብንም፤ ይሁን እንጂ ሞለኪውሉ ምክንያታችንን አይሰማም። የተቀዳበትን ቀንና ሰዓት፣ ሲደርስ የነበረውንም የሙቀት መጠን በሐቀኝነት መጻፍ ያለብን ለዚህ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መጥፋት ነው። የሌለ ነገር መግባትም አለ። ናሙናዎቹ የተጫኑበት ፒክ አፕ ጀርባ ላይ የነዳጅ ጀሪካን ካለ፣ ቀጂው ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ፣ እጁን ቅባት ወይም የትንኝ መከላከያ ከተቀባ፣ ወይም ጠዋት መርጫውን የነካ ከሆነ ምንጩ ያለ ኃጢአቱ ይከሰሳል።

ታዲያ «አልተገኘም» የሚለው ቃል የምንጩ ይሁን የመንገዱ በምን ይታወቃል? እኔ ከሁሉም አስበልጬ የማየው መልሱ በሁለት ተጨማሪ ጠርሙሶች ውስጥ ነው። አንደኛው ባዶ ናሙና ይባላል፤ እጅግ የተጣራ ውኃ ከቤተ ሙከራ ተይዞ ይወጣና ምንጩ ዘንድ ክዳኑ ተከፍቶ ተመልሶ ይከደናል፣ ከሌሎቹ ጋር ይመለሳል። በእርሱ ውስጥ ነዳጅ ከተገኘ ነዳጁ የመኪናው ነው። ሁለተኛው በተመሳሳይ ውኃ ላይ የታወቀ መጠን ያለው ኬሚካል ሆን ተብሎ የተጨመረበት ነው። ለምሳሌ በሊትር 1 ማይክሮግራም ማላታዮን ጨምረን ቤተ ሙከራው 0.46 አገኘሁ ቢለን፣ መንገዱ ከግማሽ በላይ እንደበላ እናውቃለን፤ ያኔ በሌሎቹ ጠርሙሶች ላይ የተጻፈው «አልተገኘም» ምን ያህል እንደሚያወላዳ መመዘን እንችላለን። 0.95 ቢለን ግን ዜሮው የምንጩ ነው ብለን ለመናገር እንደፍራለን። ከዚህ የረቀቀም አለ። በሃይድሮጂን ቦታ ዲዩቴሪየም የገባበት 2፣4-ዲ ወደ ናሙናው ይጨመራል፤ በጠባዩ ከተራው ጋር አንድ ስለሆነ አብሮት ይጠፋል፣ በክብደቱ ግን ስለሚለይ የማስ ስፔክትሮሜትር ለይቶ ያየዋል። ዋጋው ውድ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ግን ከአንድ ጠርሙስና ከትንሽ ጥንቃቄ በላይ አይጠይቅም፤ በእኛ ጉዞ ላይ አለመኖሩን ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ርቀትን ለማሸነፍ ሌላ መንገድም አለ፤ ውኃውን ትቶ በካዩን ብቻ መላክ። አንድ ሊትር ውኃ በጥቂት መቶ ሚሊ ግራም አጣባቂ ዱቄት በተሞላች ጣት በምታህል ቱቦ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ኬሚካሎቹ በዱቄቱ ላይ ይቀራሉ። ያቺ ቱቦ ደርቃና ቀዝቅዛ ከተያዘች ከአሥራ ሁለት ከባድ ጠርሙሶች ይልቅ በአንድ ኪስ ትጓዛለች። በደቂቃ 10 ሚሊ ሊትር ቢያልፍ ሥራው አንድ ሰዓት ከአርባ ይፈጃል። በእጅ የሚሠራ የቫኪዩም መሳቢያ የምንጠቀም ከሆነ ግን አንድ ነገር እናስታውስ። በመካነ ሰላም የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ውኃውን የሚገፋውም ኃይል በዚያው መጠን ያንሳል።

ለማነጻጸሪያ የሚሆን ንጹሕ ቦታ አካባቢው አልነፈገንም። ከከተማዋ በስተሰሜን የሚገኘው የደንቆሮ ጫካ፣ ዛሬ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አካል የሆነው፣ ከእርሻ በላይ የሚፈልቁ ጅረቶች አሉት። ከዚያ የተቀዳ ናሙና ያልታረሰው ምድር ውኃ ምን እንደሚመስል ይነግረናል። የጫካ ውኃ ከቅጠል የመጣ ኦርጋኒክ ቅሪት ሊኖረው ስለሚችልም፣ መለኪያው ያንን ከበካይ ጋር እንዳያምታታ ያስጠነቅቀናል።

በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያች ቀበሌ ተመልሰን አዛውንቱን አገኘናቸው። «አባቴ፣ አምና የላክንልዎት ቃል መሠረት አልነበረውም፤ ውኃው መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም፣ ግን አላወቅንም» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ እስኪታወቅ አፍልተን ብንጠጣውስ?» አሉ። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ 2፣4-ዲን ግን አያጠፋውም። እዚህ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲሆን፣ ውኃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ኬሚካል እንዲያውም ይወፍራል። ውኃ አጋርም የሚያገለግለው ለጀርም ነው። ስለዚህ በርጭቱ ሳምንታት፣ በተለይም ከርጭት በኋላ በሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ፣ ከማሳው በላይ ካለው ምንጭ እንዲቀዱ፣ የመርጫ ታንክም ከምንጩ አጠገብ እንዳይታጠብ ነገርናቸው። «የላይኛው ምንጭ ለሴቶቹ ሩቅ ነው፤ እንነጋገርበታለን» አሉ።

የታጠቡትና የተጋገሩት ጠርሙሶች አሁን በፎይል ተጠቅልለው በባልደረባዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል። ሁለቱ ላይ ቀይ ምልክት አለ፤ አንዱ ባዶ፣ አንዱ የታወቀው። የቀረን ስንዴው የሚረጭበት ሳምንትና ለሰባት ቀን ክፍት የሚሆን መንገድ ነው።